ከርት ፍለድ፤ አልሸጥም ያለው ተጫዋች

የእግር ኳስ ወዳጆች የሆንን ተማሪዎች አንድ የታወቀ ልማድ አለን። የአውሮፓ ቡድኖች ውድድራቸውን ጨርሰው በሚያርፉበት ጊዜ፤ ይኸውም በእኛ አገር ክረምቱ በሚገባበት ወራት፤ ሰብሰብ ብለን ማን ይሸጥ፣ ማን ይገዛ፣ ማን ይቅር እያልን ስንከራከር እናመሻለን። አንዳችን አሠልጣኝ፣ አንዳችን ሥራ አስኪያጅ፣ አንዳችን ገንዘብ ያዥ እንሆናለን። በኪሳችን የሻይ ዋጋ ሳይኖር በሚሊዮን የሚቈጠር ገንዘብ እናዝዛለን። ክርክሩ ስለሚጥመን ግን አንድ ጥያቄ ሳናነሣ እንለያያለን፤ ይኸውም የሚሸጠው ሰው ራሱ ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ አገር የቤዝቦል ወዳጆች ይህን ልማድ ከያዙት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቤዝቦል በጸደይ ተጀምሮ በመከር የሚያልቅ ጨዋታ ስለ ሆነ፤ በረዶው ሲመጣ ሜዳው ይዘጋል። በድሮ ጊዜ የትንንሽ ከተማ ሰዎች በብርዱ ወራት በሱቅ ውስጥ በሚነደው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ቡድናቸው ይከራከሩ ነበር። ከዚህም የተነሣ ያ የዕረፍት ጊዜ ክርክር የትኩስ ምድጃ ማኅበር የሚል ስም ወጣለት፤ ምድጃው ከቀረ በኋላም ስሙ አልቀረም።

ዛሬ የምንጽፈው በዚያ ምድጃ ዙሪያ እንደ ዕቃ ሲመዘን ከኖረ በኋላ አልመዘንም ስላለ አንድ ተጫዋች ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቤዝቦልን ላላዩ ጓደኞቻችን ጥቂት እናስረዳ። በሜዳው ላይ ዘጠኝ ተከላካዮች ይቆማሉ። ከነሱ አንዱ ወርዋሪ ይባላል፤ እሱም ኳሱን በኀይል ሲወረውር የሌላው ቡድን ተጫዋች በዱላ ይመታዋል። መቺው በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች ዞሮ ከተመለሰ ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። ተከላካዮቹ ኳሱ መሬት ሳይነካ ከቀለቡት ግን መቺው ይወጣል። ኳሱን ከአጥር ውጭ አሻግሮ መምታት ሆም ረን ይባላል። በዚህ ጨዋታ የማይቈጠርና የማይመዘገብ ነገር የለም፤ የምድጃ ዳር ተከራካሪውም ቍጥሩን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

ከርት ፍለድ ጥር 18 ቀን 1938 ዓመት በቴክሳስ፤ በሂውስተን ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በኦክላንድ ስለ ተቀመጠ ያደገው በዚያ ነው። ጆርጅ ፓውልስ የሚባል አሠልጣኝ የጥቁሮቹን ሰፈር ልጆች ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር፤ ኋላ ስማቸው የገነነው ፍራንክ ሮቢንሰንና ቫዳ ፒንሰንም ከፍለድ ጋር ከዚሁ ሰው እጅ የወጡ ናቸው። ፍለድ ቁመቱ አጭር፤ ሰውነቱም ቀጭን ነበረ። ሆኖም ፈጣን ስለ ነበረ ማንም አይደርስበትም የተባለውን ኳስ ሮጦ ይቀልበው ነበር።

በ1956 ዓመት፤ በ18 ዓመቱ፤ የሲንሲናቲ ሬድስ ቡድን በ4,000 ዶላር አስፈረመውና ለልምምድ ወደ ሰሜን ካሮላይና፤ ሃይ ፖይንት ወደምትባል ከተማ ላከው። በዚያን ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ነጭና ጥቁር በአንድ ገበታ መቅረብ አይችሉም ነበር። ነጮቹ ጓደኞቹ ምግብ ቤት ገብተው ሲበሉ ፍለድ በጓሮ በር እየተሰጠው ይበላ ነበር፤ ሜዳ ላይም ስድቡ አልተለየውም። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት 29 ሆም ረን መታ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ጆርጂያ፤ ወደ ሳቫና ተላከ፤ በዚያም ልብሱን የሚለውጠው ከቡድኑ ሰዎች ተለይቶ ነበር። በታኅሣሥ 1957 ሲንሲናቲዎች እሱንና አንድ ሌላ ተጫዋች ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሰጥተው በምትኩ ሦስት ወርዋሪዎች ወሰዱ። ፍለድ ገና 19 ዓመቱ ነበረ፤ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይህን ልውውጥ የፈጸመው አዲሱ የካርዲናልስ ሥራ አስኪያጅ ቢንግ ዲቫይን ነበረ፤ ለእሱም በዚያ ሥራ የመጀመሪያው ልውውጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ መናገር አለብን። ከ1879 ጀምሮ የቡድን ባለቤቶች ተጫዋቾችን ለራሳቸው የሚያስቀሩበት ስምምነት ነበራቸው፤ ይህም ኋላ በእያንዳንዱ ተጫዋች ውል ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ገባ። ውሉ ሲያልቅ ቡድኑ ለአንድ ዓመት ሊያድሰው ይችላል ይላል። ባለቤቶቹ ግን ያ የታደሰው ውል እንደ ገና ይታደሳል፤ እንዲሁ እያለ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል ብለው ተረጐሙት። እንግዲህ ቡድኑ ተጫዋቹን ሊሸጠው፣ ሊለውጠው፣ ሊያሰናብተውም ይችላል። ተጫዋቹ ግን የተሰጠውን ደመወዝ ተቀብሎ ይጫወታል፤ አለዚያ ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሌላ ቡድን አይቀጥረውም። በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ንግድን በብቸኝነት መያዝን የሚከለክለው ሕግ ቤዝቦልን አይነካም ብሎ ፈረደ፤ በ1953 ደግሞ ይህንኑ አጸና። ከዚህም የተነሣ የምድጃ ዳር ተከራካሪዎች በየዓመቱ የሚመዝኑት የሁለት ባለቤቶችን ጥቅም ብቻ ነበረ። በመካከል ያለው ሰው አፍ አልነበረውም።

ፍለድ በሴንት ሉዊስ 12 ዓመት ተጫወተ። ቦታው የመሐል ሜዳው መጨረሻ ነበረ፤ ይህም ሰፊውን መሬት ሮጦ መሸፈን የሚጠይቅ ነው። ከ1963 እስከ 1969 ለሰባት ዓመት በተከታታይ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ወሰደ። በ1966 በጠቅላላው የውድድር ዘመን አንድ ስሕተት እንኳ አልተመዘገበበትም። ቡድኑም በ1964 እና በ1967 የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ በላ። በ1968 ዓመት ግን በመጨረሻው ግጥሚያ፤ ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ሳለ፤ ከዴትሮይት ቡድን የተመታ አንድ ኳስ ወዴት እንደሚወርድ ተሳሳተ፤ ሊመለስ ሲልም እግሩ አዳለጠው። ሁለት ሰዎች ዞረው ገቡ፤ ዴትሮይትም 4 ለ 1 አሸነፈ። እንዲህ ያለ ነገር በምድጃ ዳር ቶሎ አይረሳም።

በ1969 የጸደይ ልምምድ ጊዜ የቡድኑ ባለቤት፤ የቢራ ፋብሪካ ጌታ የሆነው አውጉስት ቡሽ፤ ተጫዋቾቹን በጋዜጠኞች ፊት ገሠጻቸው። ፍለድ በዚያ ዓመት ደመወዙ 90,000 ዶላር ነበረ። ቡድኑ ግን በምድቡ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ወዲያው በጥቅምት ወር ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሠራተኛ በስልክ ጠርቶ ለፊላደልፊያ መሰጠቱን ነገረው። ልውውጡን ያደረገው ያው ከ12 ዓመት በፊት ያመጣው ቢንግ ዲቫይን ነበረ።

ልውውጡ ሰባት ሰዎችን የነካ ነው። ከሴንት ሉዊስ ፍለድ፣ ቀላቢው ቲም ማካርቨርና ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ሄዱ፤ ከፊላደልፊያ ዲክ አለንና ሌሎች ሁለት መጡ። ለተከራካሪዎች ከዚህ የበለጠ ግብዣ አይገኝም። አለን 27 ዓመቱ ነበረ፤ በዚያም ዘመን 32 ሆም ረን መትቷል፤ ነገር ግን ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ከሥራ የታገደ ሰው ነበረ። ፍለድ 31 ዓመቱ ነው፤ እንደ እሱ የሚከላከል የለም፤ ግን እግሩ እስከ መቼ ይሮጣል? ማንም የቤዝቦል ወዳጅ ይህን ሒሳብ እየደመረና እየቀነሰ ሌሊቱን ሊያነጋ ይችላል። እኛም በዚያ ብንኖር ኖሮ ሳንከራከር አንቀርም ነበር።

በዚያ ሒሳብ ውስጥ ግን ያልገባ ነገር አለ። ፍለድ በሴንት ሉዊስ ቤቱና ወዳጆቹ ነበሩት፤ የፎቶግራፍና የሥዕል ሥራም ጀምሯል። ፊላደልፊያ ደግሞ በዚያ ዓመት 99 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ነው። ጥቁሩ ዲክ አለን በዚያች ከተማ ከተመልካቹ ዕቃ ይወረወርበት ስለ ነበረ በመከላከል ጊዜ እንኳ የራስ ቍር ደፍቶ ይቆም ነበር። ፍለድ ወደዚያው ሜዳ ሂድ መባሉን አሰበ፤ በደቡብ አገር በጓሮ በር የበላውንም አሰበ። የፊላደልፊያ ሰዎች ወደ 100,000 ዶላር እንሰጥሃለን ቢሉትም ልቡ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ወደ ነበረው ወደ ማርቪን ሚለር ሄደ። ሚለር ነገሩን አልሸፈነለትም። ክሱ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ የማሸነፍ ተስፋው ጥቂት እንደ ሆነ፣ ቢያሸንፍም ለራሱ አንድ ሳንቲም እንደማያገኝና ከእንግዲህ በቤዝቦል ዓለም ሥራ እንደማይሰጠው ገለጠለት። ፍለድም ነገሩ ለሚመጡት ተጫዋቾች ይጠቅም እንደ ሆነ ጠየቀ፤ እንደሚጠቅም ሲነገረውም እገፋበታለሁ አለ። በአገራችን አህያ እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች ይባላል። ፍለድ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ፤ ሰርዶው ከእሱ በኋላ እንዲበቅል የራሱን መሬት ሰጠ።

በታኅሣሥ 1969 በፖርቶ ሪኮ፤ በሳን ሁዋን ከተማ የተሰበሰቡት የተጫዋቾች ወኪሎች 25 ለ 0 በሆነ ድምፅ ሊረዱት ወሰኑ። በታኅሣሥ 24 ቀን ፍለድ ለቤዝቦል ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ፤ ከ12 ዓመት አገልግሎት በኋላ ያለ ፈቃዱ የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት እንዳልሆነ፤ ሌሎች ቡድኖችም ሊቀጥሩት እንዲችሉ እንዲነገራቸው አመለከተ። ኩን እምቢ አለው። በጥር 1970 ፍለድ በኒው ዮርክ ክሱን መሠረተ፤ ጠበቃውም ቀድሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው አርተር ጎልድበርግ ነበረ። ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዓለም ንጉሡን ከሰሰ ማለት ነው።

ብዙ ደጋፊዎችና ጋዜጠኞች ተቈጡ። 90,000 ዶላር የሚበላ ሰው ምን ጐደለበት የሚል ነበር ነገራቸው። ይህን አሳብ ከእኛም መካከል የሚጋራው አይጠፋም፤ ስለዚህ ጥቂት እንመልከተው። የፍለድን ነገር ከባርነት ጋር ማስተካከል ከባድ ነው፤ ባሪያ ሥራውን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ፍለድ ግን ይችል ነበር። ሆኖም ክሱ ስለ ደመወዝ ማነስ አልነበረም። ጥያቄው አንድ ሰው ሙያውን ይዞ፤ ውሉንም ፈጽሞ፤ ሌላ አሠሪ የመፈለግ መብት አለው ወይስ የለውም የሚል ነበር። መምህርም፣ ሐኪምም፣ አናጢም ይህ መብት ነበራቸው። የደመወዝ መብዛት መብትን የሚሰርዝ ከሆነ ነፃነት የድሆች ዕድል ብቻ ሊሆን ነው፤ ይህንንም ማንም አይቀበለውም።

በግንቦት 1970 ነገሩ በተሰማ ጊዜ ጃኪ ሮቢንሰን መጥቶ መሰከረለት፤ እሱም በ1947 በታላቁ ውድድር ለጥቁሮች በር የከፈተው ሰው ነው። የቀድሞው ታላቅ መቺ ሃንክ ግሪንበርግም መሰከረ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ከነበሩት ተጫዋቾች ለምስክርነት የቀረበ አንድም አልነበረም። በድምፅ የደገፉት ወንድሞቹ በአካል ሊታዩ ፈሩ። ባለቤቶቹ ደግሞ አንቀጹ ከተነሣ ጨዋታው ይጠፋል ብለው ተከራከሩ። ፍለድ በዚያ ፍርድ ቤት ተሸነፈ፤ በይግባኝም ተሸነፈ።

የ1970ን ዘመን ሳይጫወት አሳለፈ፤ ደመወዙም ቀረ። በ1971 የዋሺንግተን ቡድን በ110,000 ዶላር አስፈረመው፤ ነገር ግን የቀድሞው ፍጥነቱ ጠፍቶ ስለ ነበረ በ13 ግጥሚያ ከታየ በኋላ በሚያዝያ ወር ሁሉንም ትቶ ወደ ስፔን ሄደ። ያ የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ።

በሰኔ 19 ቀን 1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ በፍለድ ላይ ፈረደ። ዳኛ ሉዊስ ፓውል የቡሽ ቢራ ኩባንያ አክሲዮን ስለ ነበራቸው ከፍርዱ ወጡ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን የቤዝቦል ወዳጅ ነበሩ። በመግቢያው ላይ የጨዋታውን ታሪክ አመስግነው ከ80 በላይ የጥንት ተጫዋቾችን ስም ዘረዘሩ፤ ከሚስማሙባቸው ዳኞች ሁለቱ እንኳ በዚህ ክፍል ስማቸው እንዲገባ አልፈለጉም። ከዚያም ቤዝቦል ለብቻው ከሕጉ ውጭ መሆኑ ያልተለመደ ነገር እንደ ሆነ አምነው፤ የሚያርመው ግን ሕግ አውጪው ክፍል ነው ብለው ፈረዱ። እኛ ይህን ስናነብ ፍርድ ቤቱ ራሱ በምድጃው ዳር የተቀመጠ መሰለን። የተጫዋቾቹን ስም በፍቅር ጠራ፤ በፊቱ የቆመውን ተጫዋች ግን አልሰማውም። በተቃውሞ ከቀሩት ሦስት ዳኞች መካከል ጥቁሩ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ይገኙ ነበር።

ለመሆኑ ያ ሁሉ የተከራከሩበት ልውውጥ ምን አመጣ? አለን በ1970 ለሴንት ሉዊስ 34 ሆም ረን መታ፤ ቡድኑ ግን ካሸነፈው የተሸነፈው በዛ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አለን ወደ ሎስ አንጀለስ፤ በማግሥቱም ወደ ሺካጎ ተለወጠ፤ በዚያም በ1972 የምድቡ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ፊላደልፊያዎች በፍለድ ፋንታ ዊሊ ሞንታኜዝ የሚባል ወጣት ተሰጣቸው፤ እሱም በ1971 30 ሆም ረን መታላቸው። ማን አተረፈ፣ ማን ከሰረ የሚለውን ዛሬም መከራከር ይቻላል። በዚያ ልውውጥ የከሰረው አንድ የታወቀ ሰው ግን ፍለድ ነው።

ዘሩ ሳይበቅል አልቀረም። በ1973 ባለቤቶቹ በታላቁ ውድድር 10 ዓመት የቆየና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ ተስማሙ፤ ይህ ደንብ ቀደም ብሎ ቢኖር ፍለድ ከሴንት ሉዊስ ባልወጣ ነበር። በታኅሣሥ 1975 ፒተር ሳይትዝ የተባለ አስታራቂ ዳኛ አንዲ መሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች ባመለከቱት ጉዳይ ውል የሚታደሰው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ነፃ ነው ብሎ ወሰነ። አንቀጹም ወደቀ። በ1975 የተጫዋች አማካይ ደመወዝ ከ45,000 ዶላር በታች ነበረ፤ በ1980 ከ140,000 ዶላር በላይ ሆነ። ጨዋታውም እንደ ተፈራው አልጠፋም።

ፍለድ ግን ከዚህ ገንዘብ አልቀመሰም። በስፔን፤ በማዮርካ ደሴት፤ መጠጥ ቤት ከፍቶ ነበር፤ እሱም አልዘለቀም። ወደ ኦክላንድ ሲመለስ ገንዘቡ አልቆ፤ መጠጥም አሸንፎት ነበር። ኋላ ግን ከመጠጥ ተላቀቀ፤ በ1978 ለኦክላንድ ቡድን ጨዋታ በራዲዮ አስተላላፊ ሆኖ ሠራ፤ የከተማውን ልጆችም አጫወተ። ጥር 20 ቀን 1997፤ 59 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፤ በሎስ አንጀለስ በጉሮሮ ነቀርሳ ሞተ። በጥቅምት 1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በስሙ የተጠራውን ሕግ ፈረሙ፤ በዚህም ሕግ የታላቁ ውድድር ተጫዋቾች እንደ ሌላው ሠራተኛ በባለቤቶች ላይ ክስ ማቅረብ ተፈቀደላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕግ አውጪው ያርመው ካለ 26 ዓመት አልፎ ነበር። በ2025 ዲክ አለን ከሞተ በኋላ በኩፐርስታውን ከታላላቆቹ ስም ጋር ተመዘገበ፤ ፍለድ ግን በዚያም ዓመት ከተመረጡት ውስጥ አልነበረም።

ተጫዋች ነፃ ሲወጣ የደጋፊ ፍቅር ይከዳል የሚሉ አሉ። ትናንት የኛ የነበረው ዛሬ የባላጋራ መለያ ለብሶ ሲታይ እንደሚያስከፋ እኛም እናውቃለን። ሆኖም በአሮጌው ሕግ ጊዜም ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ ኖሯል፤ 12 ዓመት ያገለገለው ፍለድ በአንድ ስልክ ሄዷል። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ የሚሄደው ሲሰደድ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን መርጦም መሄድ ተቻለ። ለምድጃው ዳር ክርክርም ይህ አልጐዳውም። ቀድሞ ቡድኑ ማንን ይፈልጋል ብቻ ይባል ነበር፤ አሁን ሰውየውስ እኛን ይፈልጋል ወይ የሚል ጥያቄ ተጨመረበት።

እኛም በሚመጣው ክረምት እንደ ልማዳችን ተሰብስበን መከራከራችን አይቀርም፤ መከራከሩም ነውር አይደለም። ነገር ግን በቃላችን የምንሸጠውና የምንለውጠው ሰው ቤት፣ ቤተሰብና አሳብ ያለው መሆኑን አንርሳ። የከርት ፍለድን ታሪክ ለጓደኞቻችን ያቀረብነው ስለዚህ ነው።